በስልክ ደህና ስለሆነችው እህቴ

ለተከበሩ የስትሮክ ሕክምና ውጤት ጥናት አስተባባሪ
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በስልክ ብቻ ሳይሆን በአካልም።

እኔ የጥናትዎ ተሳታፊ የወይዘሮ ላቀች ታላቅ ወንድም ነኝ። እህቴን እዚህ ሺሺንዳ ከገበያ ስትመለስ ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ ከዛለ ወዲህ፣ በየወሩ እያስደወሉ ስለሚጠይቋት ቤተሰባችን ባለውለታዎ ነው። የታካሚ ቤተሰቦችን አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው «አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን በመልካም ሁኔታ ላይ ናቸው» ብለው ሲያበስሩ፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ጥቂት ቅሬታዎቼን ግን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ደዋዩ ወጣት አንደበቱ ማር ነው። እንዴት እንደሆነች ይጠይቃታል፤ እሷም ተመስገን፣ ደህና ነኝ ትለዋለች፤ እሱም ደህና ብሎ ይመዘግባል። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ አስቀድሞ ተመስገን ብሎ ነው ወደ እሳቱ ወሬ የሚገባው። ሰላምታ ሰጥታችሁ የሰላምታ ምላሽ አገኛችሁ፤ እሱን የሕክምና ውጤት ስላላችሁት በብልሃታችሁ ተደንቄያለሁ።

፪ኛ፦ ደህናዋ እህቴ ውሃ ስትጠጣ ትታፈናለች። ልጇ ትሁት አጥሚት በማንኪያ ጫፍ ስታቀምሳት ግማሹ ወደማይሆን መንገድ ይሄድና ያስላታል፤ ከዚያ ያተኩሳታል፤ ደረቷ እንደተጣደ ድስት ይንተከተካል። ትሁት ይህን ለደዋዩ ልትነግረው ስልኩን ስትቀበላት፣ እናቷ በደህናው እጇ ገፋቻት። «የሰው ልጅ አክብሮ ቢጠይቀኝ በእሮሮ ልሸኘው?» አለች።

፫ኛ፦ እኔው ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ሠራተኞቻችሁ በክብር አስቀምጠው፣ ጥናቱ የሚቀበለው የታካሚዋን የራሷን ቃል እንደሆነ፣ ቤት ለቤት የምትዞረውም ነርስ ደህና ወዳልሆኑት ብቻ እንደምትላክ አስረዱኝ። እውነትም ነርሷ ሺሺንዳ ስትመጣ በራችንን አልፋ ትሄዳለች፤ ከሩቅ እጅ ነስተናታል። በዚህ ሳምንት ደግሞ የእህቴ ደህና እጅ ማንኪያ መጣል ጀምሯል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ሰው ይላኩና አንዲት ብርጭቆ ውሃ ስትጠጣ ቁጭ ብሎ ይያት። መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ማየት ይበቃዋል። ቢዘገይ ግን የሚያየው ነገር ላይኖር ይችላል።

ጥናትዎ በሰላም ለሕትመት እንዲበቃ፣ እህቴም እስከዚያ እንድትቆይለት እየጸለይኩ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የጭብጨባዎ ባለቤት
ከፈለኝ፣ የትሁት አጎት
ሺሺንዳ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ትሁት ጠራችኝ። ላቀች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አልወጣ ብሏታል። አሁን በሚኒባስ ወደ ቦንጋ ይዘናት እየመጣን ነው። ደዋያችሁ በመንገድ ላይ ቢደውል ስልኳ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ አስተዳደግ የበደለኝ ሰው ስለሆንኩ እውነቱን እነግረዋለሁ።