በድስቴ ያሳበብከው ስብ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሕመሙ ትንሽ ቀለል እንዳለልህ ነርሷ ነግራኛለች፤ እግዜር ይመስገን። አሁን ደግሞ ቅሬታዬን ስማኝ። ፊት ለፊት ብነግርህ አለቅሳለሁ፣ አንተም ታባብለኛለህ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

አምና ሐኪሙ "ደምዎ ውስጥ ያለው ስብ ከልክ አልፏል፤ መጠጥ ይወስዳሉ?" ሲልህ አጠገብህ ነበርኩ። "ኧረ በአፌም አይዞር! እህቴ ናት ዘይት የምታበዛው" አልክ። ደነገጥኩ፤ ግን አመንኩህ። አባታችን ሲሞት ያሳደግከኝ አንተ ነህ፤ አንተን ካላመንኩ ማንን ልመን?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘይት ከቤታችን ወጣ። እናታቸው ካረፈች ወዲህ እኔ የማበላቸው ልጆችህ ቅቅል ድንች ሰለቻቸው፤ ትንሿማ "አክስቴ፣ እኛም ታመናል እንዴ?" አለችኝ። ስቡ አልወርድ ሲል እማዬ በሰው ፊት "ልጄን በዘይት ልትገድይው ነው?" ብላ ጮኸችብኝ። አንተ እዚያው ተቀምጠህ ጥፍርህ ላይ የደረቀውን የእንጨት ኮላ ትልጥ ነበር እንጂ ቃል አልተነፈስክም።

ሆድህን ይዘህ የምትሠራበት እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የወደቅክ ዕለት ዕቃህን ልሰበስብ ሄድኩ። በየጠዋቱ ሎሚ ጨምቄ ሻይ የምሞላልህን ፔርሙዝ ስከፍተው አረቄ አረቄ ሸተተኝ። ቀለም ቀቢው ጓደኛህ አንገቱን ደፍቶ "ሻዩንማ ለኛ ነው የሚያድለን። አንቺ የምታውቂ መስሎን... ሻይሽ ግን ይጣፍጣል" አለኝ።

ሮጬ ለሐኪሙ ነገርኩት። "ዘይቱን ከድስት ቢያወጡትም አልኮሉ ጉበቱን ስብ እንዲያመርት ያደርገዋል። ደም ውስጥ የገባውም ቶሎ አይጠራም። ቆሽቱ የተቆጣው በዚህ ነው" አለኝ። የኔም ቆሽት አርሯል ልለው ምንም አልቀረኝ።

መጠጣትህን ይቅር እልህ ነበር። ሚስትህን ከቀበርክ ወዲህ ቤቱ እንደሚከብድህ አላጣሁትም። ያንገበገበኝ እኔን ከፊትህ አቁመህ ከኋላዬ መደበቅህ ነው። ከዳኸኝ፣ ወንድም ጋሼ።

ትናንት ደግሞ እጄን ይዘህ "ለእማዬ ምግቡ ነው በያት፤ በሞቴ!" አልከኝ። አልላትም። ነገ ይዣት እመጣለሁ። እንደለመደችው "ምን አብልተሽው ነው?" ማለቷ አይቀርም። አላሳጣህም፤ ዝም ብዬ አንተን አያለሁ። አንተም ዝም ካልክ ግን፣ ከነገ ጀምሮ ለልጆችህ አክስት እሆናለሁ፤ ላንተ እህት አልሆንም።

ያሳደግካት