የመጨረሻውን ክፍል አይቼዋለሁ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ባለፈው ሳምንት ዓመት ሞላህ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ጠላው አንተ እንደምትወደው አልከረረም፣ እንግዳው ግን ጠጥቶ ጨርሶታል።

የመሐል ሜዳ ብርድ እንዳለ ነው። የምትደርበውን የሱፍ ባናህን እኔ ወርሼዋለሁ። የምርመራውን ሥራ ደግሞ እማዬ ተረክባለች፤ በቀደም ዶሮ ጠፍታባት የጎረቤቱን ውሻ ፊት ለፊት ተቀምጣ ዝም ብላ ስታየው አገኘኋት። ካንተ የተማረችው ነው።

ያ መርማሪዎቹ አዲስ ገዳይ ለመያዝ እስር ቤት ድረስ እየሄዱ ብዙ ሰው የገደሉትን የሚያነጋግሩበት ድራማ ትዝ ይልሃል? እኔ እንግሊዝኛውን እተረጉማለሁ፣ አንተ ትፈርዳለህ። ልጅ ሆነህ ያየኸውን አውጫጭኝ ሳሎናችን ውስጥ መልሰህ አቋቋምከው። ድሮ ከብት ሲሰረቅ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባው ሳይወጣ ንቅንቅ እንደማይል ሁሉ፣ እኛም ገዳዩን ሳንገምት ከወንበራችን አንነሳም ነበር። አንዴማ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ ግምትህን ሳትሰጥ አትወጣም ብለህ አስቀመጥከው። ምስኪን፣ ድራማውን አይቶት አያውቅም፤ መርማሪውን ራሱን ጠረጠረ።

የመርማሪዎቹን አንድ ነገር ግን ታደንቅ ነበር፤ አይጮሁም፣ አይማቱም። ዝም ሲሉት ሰው ራሱ ይናገራል ትል ነበር።

እንግዲህ ልናዘዝ። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ስትተኛ ከድራማው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ቀርቶን ነበር። ስትድን አብረን ልናየው ቃል ተገባብተናል። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ ብቻዬን አየሁት። ልጠይቅህ ስመጣ አየሽው ወይ አልከኝ፤ አላየሁም አልኩህ። ዝም ብለህ አየኸኝ። እኔም ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን አረፍክ። መጨረሻውን ሳያውቅ ሄደ፣ ያውም በውሸት ሸኘሁት እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ስንገበገብ ከረምኩ።

በሙት ዓመትህ ዕለት ይህንኑ ላስታመመህ ለአጎቴ ለሽፈራው እያለቀስኩ ነገርኩት። ሳቀብኝ! ለካ አንተም በእሱ ስልክ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ቀድመህ አይተኸዋል። ቋንቋው ሳይገባህ ገዳዩን ከፊቱ ለየኸው አሉ። እኔ ጠይቄህ ከሐኪም ቤቱ እንደወጣሁ ደግሞ፣ «አይታዋለች፤ ብርቱካኑን ስትልጥ እጇን አላየኸውም? ተዋት፣ ስድን እኔም እንደ አዲስ አያለሁ» ብለኸዋል።

አባዬ፣ ለካ ተዋሽተን ነው የተለያየነው! እንዴት እንደቀለለኝ አትጠይቀኝ።

ትናንት ከእማዬ ጋር እንደገና አየነው። ገዳዩ ከመታወቁ በፊት አስቁሜ ግምቷን ጠየቅኳት። እሷ ከተናገረች በኋላ ሁለታችንም ወደ ወንበርህ ዞር ብለን ትንሽ ጠበቅን። ከእንግዲህም ተራህን ሳንጠብቅ አንቀጥልም።

እኔም ብቻዬን ቀድሜ ላላይ ቃሌ ነው። ካየሁም መቼም ከእጄ ታውቀዋለህ።

አስተርጓሚህ፣
ልጅህ ስንዱ