ኩሽና ውስጥ የሚያልፈው ባቡር

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ፣ እታለም? ወገብሽን ተሻለሽ? ልጆቹስ፣ አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። የሆቴሉ አንሶላ ታጥቦ ተተኩሶ አያልቅም፤ እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል እንጂ ጤናዬ ሙሉ ነው።

ዛሬ ስለ አንድ መጽሐፍ ልጽፍልሽ ነው፤ አትሳቂብኝ። አብራኝ የምትተኩሰው ሴት፣ «ዝምታ» የምንላት፣ ናት ያዋሰችኝ። ውፍረቱ ትራስ ያክላል። ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቂኝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ባቡር በአንዲት ሴትዮ ኩሽና ውስጥ ያልፋል፤ እሷም ድስቷን ፈቀቅ አድርጋ ታሳልፈዋለች። የሞተች አክስት «ጃንጥላዬን ረስቼ» ብላ ትመጣና ቤተሰቡ በሙሉ ፍለጋ ይወጣል። ግራ ቢገባኝ ልመልስላት ነበር። ዝምታ ግን፣ ምን ማለት ነው እያልሽ አትጨነቂ፣ ዝም ብለሽ ተከተዪው አለችኝ። ስከተለው ጣፈጠኝ፤ አሁንማ እንዳያልቅብኝ እየሰሰትኩ ነው የማነበው።

ለካ ጣዕሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ኖሯል። አባባ የስፌት መኪናውን እየረገጠ የሚያወራልን ትዝ ይልሻል? ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረው ኮት፣ መጠበቅ ሰልችቶት ጌታውን ፍለጋ በእግሩ የሄደው? ጨርቅ ክምሩ ላይ ተጋድመን፣ አንቺ የቁልፍ ጣሳውን አቅፈሽ፣ «ከዚያስ?» እንለው ነበር እንጂ እውነት ነው ወይ ብለነው አናውቅም። ያ ክፍል ከነመኪናው ዘይት ሽታ ይመጣብኝና መጽሐፉን ደረቴ ላይ ደፍቼ እቆያለሁ።

ባለፈው እሑድ ስደውል ስልኩን ለአባባ ሰጥተሽው ወደ ልጆቹ ሄድሽ። እናታችሁ ገበያ ሄዳ ቆየችብኝ አለኝ። እማማ ካረፈች መቆየቷን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። በነገርሽው ቁጥር ገና ዛሬ እንደተረዳ ሰው እንደሚያለቅስ የጻፍሽልኝ ትዝ አለኝና ተውኩት።

«ምን ልትገዛ ነው የሄደችው?» አልኩት።

«ቁልፍ ነዋ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው። የስፌት ሱቃቸውን የከፈቱ ዕለት ጣሪያው አፍስሶ ጨርቁን ሁሉ እንዳበሰበሰባቸው፣ እማማ ተናድዳ ሳትጨርስ ሳቅ እንደቀደማት፣ ሰምቼው የማላውቀውን ሁሉ አወራኝ። ሲስቅ ሰማሁት፣ እታለም። ከሳቀ ስንት ጊዜው ነው?

ከጎኑ ሆነሽ የምትለፊው አንቺ ነሽ፤ ከሩቅ ሆኜ ላስተምርሽ አልዳዳኝም። ግን ሲደናገር አታርሚው፤ ጠይቂው እስቲ። ሳንሰማው የቀረን ብዙ ነገር አለ።

ባለቤትሽን፣ መሪ ሲጨብጥ ይጠንቀቅ ብላለች በዪልኝ። ትልቋን፣ ስለወለቀው ጥርሷ ሳሚልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ። አባባን እየመጣ የሚያጫውተውን አናጢውን ጎረቤታችንን እግዜር ይስጥልኝ በዪው። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። እማማንም ስትመለስ ሰላም በልልኝ ብላሃለች በዪው።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ

ከልብስ ማጠቢያው የኋላ ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኅዳር 9