ባቄላችን እስከ ሰኔ ሠላሳ ስለማይደርስ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የምርምር ማነቃቂያ ገንዘብ ድልድል ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ኮሚቴዎ ውሳኔ የጸና፣ እንቅልፍዎም ባለጉዳይ እንደማይገባበት ቢሮ ጸጥ ያለ እንዲሆን ከደሴ እመኛለሁ። እኔ በባቄላ በሽታ ላይ የምሠራ ተመራማሪ ነኝ። መንግሥት የተዳከመውን ምርምር ለማነቃቃት ገንዘብ መመደቡ ሲነገር በማዕከላችን ከእኔ በላይ የተደሰተ አልነበረም። ኩታበር በወይዘሮ ሐዋ ማሳ ላይ ሁለት ክረምት ከሞከርናቸው ዘሮች መካከል ቅጠል የሚያሳብጠውን በሽታ የተቋቋመ አንድ ዘር አግኝተን፣ የቀረን ዘንድሮ ደግሞ ዘርቶ ማረጋገጥ ብቻ ነበር። ለዚህ የጠየቅኩትን ድጋፍ ኮሚቴዎ በአክብሮት ስለከለከለኝ፣ እኔም በአክብሮት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ማመልከቻዬ የወደቀው ውጤቱ በጀት ከሚዘጋበት ከሰኔ ሠላሳ በፊት መቅረብ ስላለበት መሆኑን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። በሰኔ የሚዘራ ባቄላ በኅዳር መድረሱ የእኔ ጥፋት እንደሆነ ተቀብያለሁ። ለባቄላውም ላስረዳው ሞክሬ ነበር፤ የበጀት ዓመት ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባውም።

2. ገንዘቡን ቢሯቸው ከቢሮዬ በግድግዳ ለሚዋሰነው ለዶክተር ኃይለ ሚካኤል ስለሰጡ አመሰግናለሁ። የጥናታቸው ርዕስ «የማነቃቂያ ገንዘብ ተመራማሪዎችን ምን ያህል እንዳነቃቃ» የሚል ሲሆን፣ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ሆቴል ተጀምሮ እዚያው ሆቴል በጊዜው ይጠናቀቃል። ዝናብ አይፈልግም። ይህ ሰው ይቀናል ወይ ብለው እንዳይቸገሩ፣ እቀናለሁ። በሚሽከረከረው ወንበራቸው እቀናለሁ፤ ላስቲኩ ገና ባልተላጠው ኮምፒውተራቸው እቀናለሁ፤ ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ እኔ ጠዋት ጠዋት የኩታበር ሚኒባስ ለመያዝ ስጋፋ ጡሩምባ ነፍተው ሰላም በሚሉኝ ነጭ ፒካፕ እቀናለሁ።

3. ጥናቱ ገንዘብ ያላገኙ ሰዎችንም ለማነጻጸሪያ ስለሚፈልግ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላመለክት ተመርጫለሁ። ባለፈው ሳምንት ዶክተር ቢሮዬ መጥተው «ጣሀ ወንድሜ፣ ተስፋ መቁረጥህን ከአንድ እስከ አምስት ስንት እንበለው?» ሲሉኝ፣ አምስት አልኩ። «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ! እባክህ እስከ ሰኔ ሠላሳ በዚሁ ቆይልኝ፤ መሀል ላይ ድጋፍ ካገኘህ ጥናቴ ይበላሻል» አሉና አንድ የታሸገ ውኃ ሰጥተውኝ ሄዱ። ከማነቃቂያው ገንዘብ የደረሰኝ እሱ ነው። ቀዝቃዛ ነበር።

4. ወይዘሮ ሐዋ ማሳቸውን ስንዴ ሳይዘሩበት ለእኛ ብለው አቆይተዋል። የመሬቱ ኪራይ በእርስዎ ፊርማ ይመጣል ብዬ ቃል የገባሁላቸው እኔ ነኝ። የተረፈው ዘር ጥቂት ነው፤ ይህ ክረምት ካለፈው ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ የመንደሩም ገበሬ በሽታው የሚያጠፋበትን ዘር መዝራቱን ይቀጥላል። እንደማይሆን ስነግራቸው «አብሽር ልጄ፣ እኔስ እጠብቅህ ነበር፤ ዝናቡን ምን ልበለው?» አሉኝ። ጥያቄው ከሥልጣኔ በላይ ስለሆነ ወደ ክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ።

ኮሚቴዎ በፍጥነት ለሚያልቅ ነገር ያለው ፍቅር ሳይቀንስ ፈጣሪ ለብዙ የበጀት ዓመታት ያቆይዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ባልተደበቀ ቅናት፣

ጣሀ ሙዓዝ
የማነጻጸሪያው ቡድን አባል
ደሴ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ወይዘሮ ሐዋ ደውለው ነበር። መሬቱን በእኩል ልናርሰው ተስማምተናል፤ በሬና ጉልበት ከእሳቸው፣ ዘር ከእኔ፣ ምርቱ ለሁለት። በጥቅምት መጥተው ቢጎበኙን ደስ ይለናል፤ አበል ባይኖረንም እሸት አይጠፋም። «በማነቃቂያው ገንዘብ ድጋፍ የተሠራ» የሚለውን የብረት ሰሌዳ ግን እባክዎ ይዘው አይምጡ። የሚተከልበት ቦታ ላይ ባቄላ እንዘራበታለን።