የአሳምነው ፈረስ ሠርግ

እንጅባራ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮዲት፣ ስዊድን

በመመረቂያ ጽሑፍሽ አባትሽን አላዋቂ አድርገሽ ጻፍሽ። የዘፈን ዓይነት እንዲለይ ያስተማርሽው ፕሮግራም በአሥራ አንድ ዘፈን ከእኔ ደብተር ጋር ሳይስማማ ቢቀር፣ «ካሴቶቹን የቀዱት ሰው ተሳስተው መዝግበዋል» አልሽ። የቀዳሁት እኔ ነኝ። ፊደል ብቻዬን ቆጥሬ፣ ሠላሳ ዓመት ሠርጉንም ለቅሶውንም በደብተር ያሰፈርሁ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደውለሽ ሳትጠይቂኝ ጻፍሽ። ይህ በደል ነው።

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ብርዱ እንዴት ያደርግሻል? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም በዚህ ሳምንት የሳቅሁትን ያህል ስቄ አላውቅም።

አሥራ አንዱን ዘፈን ከደብተሬ ፈለግኋቸው። ሁሉም ሙሾ ናቸው፤ ፕሮግራምሽ ሁሉንም ሠርግ ብሏቸዋል። ካሴቶቹን ደጋግሜ ሰማሁ። በሁሉም ላይ ከሰው ድምፅ ሥር የፈረስ ቃጭል አለ። ጠረጠርሁ። ቅዳሜ ዕለት አሳምነውን ከነፈረሱ ሜዳው ላይ ጠራሁትና ስልኬ ላይ የጫንሽልኝን ፕሮግራም ከፈትሁ።

መጀመሪያ ያለ ፈረስ ሙሾ አወጣሁ። «ለቅሶ» አለ። አሳምነው ዳማ ፈረሱን በጎኔ እያስረገጠ ያንኑ ሙሾ ደገምሁት። «ሠርግ» አለ። ከዚያ እኔ አፌን ዘግቼ ፈረሱን ብቻውን አስጋለብነው። «ሠርግ፣ ከመቶ ዘጠና አራት!»

ጎረቤታችን ባንቺአየሁ አጥሩን ተደግፋ ታየን ነበር።

«አያ ይሄነው፣ ሙሽሪት የት አለች?»

«ዳማዬን ሳታማክሩኝ ዳራችሁት!» አለ አሳምነው። «ጥሎሽ ከእኔ እንዳትጠብቁ!»

«ጥሎሹ ይቅርና ገብስ አብላው። እንዲህ የከሳ ሙሽራ አይቼ አላውቅም!»

ከሳቄ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

አየሽ፣ ፕሮግራምሽ የተማረው ዘፈን ሳይሆን ቃጭል ነው። የሰጠሁሽ የሠርግ ካሴት ሁሉ አጃቢ ፈረስ አለበት። ፈተናውንም ያወጣሽለት ከእነዚያው ካሴቶች ከተረፈው ነው፤ ታዲያ ከመቶ ዘጠና ሁለት ቢያመጣ ምን ይገርማል? እኛ ዘንድ ፈረስ ለለቅሶም እንደሚወጣ እሱ አያውቅም። አንቺ ግን ማወቅ ነበረብሽ። ሰባተኛው ዘፈን የእናትሽ ቀብር ነው። ወንድሞቿ ከግምጃ ቤት ከተማ ፈረስ አሰልፈው መጥተው ነበር። አንቺ ያኔ ጡት አልጣልሽም፤ ስለዚህ አልፈርድብሽም። ሜዳው ላይ ያወጣሁትም እሱኑ ሙሾ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

አሁን ሃያ ሙሾ ከፈረስ ጋር፣ ሃያ የሠርግ ዘፈን ደግሞ ያለ ፈረስ ቀድቼ በስልክ ልኬልሻለሁ። ሠርጉን የዘፈነችው ባንቺአየሁ ናት፤ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ድረስ አላስቆምኋትም። በእነዚህ ፈትኚው። መምህራኑ ፊት እስክትቀርቢ ሦስት ሳምንት አለሽ፤ ይበቃል። ከወደቀ «ወድቋል፤ የጣለውም ቃጭል ነው» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። እነሱ ደርሰውብሽ ከምታፍሪ አንቺው ቀድመሽ ብትናገሪ ያከብሩሻል። ያን ዘጠና ሁለት ይዘሽ እንዳትቀርቢ።

እግዚአብሔር ልቦናሽን ያብራልሽ፤ በሰው አገር የሚወድሽና የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ። ጥር ላይ ለፈረሰኞቹ በዓል ፈረሶቹ ሲወጡ ብትደርሺ ደስ ይለኛል።

ስለጻፍሽብኝ ነገር የምለውን ብያለሁ። ደውለሽ ይቅርታ ብትጀምሪ ስልኩን እዘጋዋለሁ። እኔም ነገሩን ሁለተኛ አላነሳውም።

አባትሽ ይሄነው ደረሰ