ካርድ ቁጥር የሌላት ታካሚ

ለሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ ቀጥሎም የኮምፒውተሮችዎን ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ። እኔ በካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የታካሚዎችን መረጃ ስጽፍ የኖርኩ፣ ሥራውንም በጽሕፈት መኪና የጀመርኩ ጸሐፊ ነኝ፤ መስመር ሲሞላ ወደ ታች መውረድ እጄ ላይ ስለቀረ ዛሬም ሳላስበው ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ እጫናለሁ። ጥፋቱን አልክድም። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት ግን ታናሽ እህቴ አልጋ ዘጠኝ ላይ ተኝታ ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ስለሚደረግላት ነው።

1. አዲሱ ፕሮግራምዎ እያንዳንዱን መስመር አንድ ታካሚ አድርጎ ስለሚያነብ፣ ሠላሳ አልጋ ያለው ክፍል ዕድሜ ለእርስዎ አርባ ሰባት ታካሚ ለማስተናገድ በቅቷል። የእህቴን ካርድ የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ በመጀመሪያው መስመር ካርድ ቁጥሯን፣ ስሟንና አልጋዋን፣ በሁለተኛው ፔኒሲሊን ትንፋሿን እንደሚዘጋ። ትናንት የነርሶቹን ዝርዝር ሳይ እህቴ የሚከለከል መድኃኒት የላትም፤ ከሥሯ ግን «ፔኒሲሊን ትንፋሿን ይዘጋል» የምትባል፣ ካርድ ቁጥርም አልጋም የሌላት ታካሚ ተመዝግባለች። ይህችን ሴት ከፔኒሲሊን ስለጠበቁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2. ለማመልከት ስመጣ ረዳትዎ በጨዋነት ተቀብለውኝ ከምሳ በፊት አስተካከሉት፤ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ኢንተር አንድ ሳያስቀሩ ጠርገው አጠፉት። የስኳሩም፣ የደም ግፊቱም፣ የእህቴም ጉዳይ ተያይዞ መላው ክፍል አንድ ታካሚ ሆነ። ቅልጥፍናችሁን ሳላደንቅ አላልፍም። ነርሶቹም ግራ ቢገባቸው ወደ ትናንቱ ዝርዝር ተመለሱ።

3. በካርድ ቁጥር የማይጀምር መስመር ሲገኝ ከበላዩ ካለው ጋር ይቀጠል የሚል አንድ ትእዛዝ ይበቃ እንደነበር ለእርስዎ መንገር ከእኔ ቢጤ ድፍረት ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማመልከቻዬ በተራው እንደሚታይ ተነግሮኛል፤ ተራውም ሰኞ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ተረኛ ነርስ በተቀየረች ቁጥር ፊቷ ቆሜ ያንኑ ስደጋግም ሁሉንም አሰልችቻለሁ። የእህቴ ክንድ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፤ እሷ ግን ጋሼ ዛሬስ ለየለት እያለች ትስቅብኛለች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሰውነቷን ሲያጥቧት ይለቅ ይሆን እያልኩ ጠዋት ማታ አደምቀዋለሁ። ያቺን አልጋ የሌላት ሴት ከእህቴ ጋር የሚያገናኝልኝ ሰው ከእርስዎ በቀር የለም።

ለሰኞ ያለኝን አክብሮት ከሐሙስ ፍርሃቴ ጋር አጣምሬ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
መስመር በማብዛት የሚታወቀው ታዛዥዎ፣
የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ዓመት ኩላሊትዎን ሊታከሙ ሲመጡ ካርድዎን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሦስት መስመር ነው፤ የመጀመሪያውን ማዕረግዎና ስምዎ ሞልተውታል።