በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ለብሰን መኪና ስንመርጥ

ለማትጠገቢው የልጅ ልጄ ለሮክሳና፣

እንዴት ከርመሻል? የሃሊፋክስ ጭጋግ እንዴት ይዞሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ? ባልሽ ማርከስ ምግብ ማብሰል ለመደ ወይስ ዛሬም ድንች ሲያሳርር ነው የሚውለው? እኛ ደህና ነን። የእኔ ጉልበት እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፤ የአያትሽ የፓራስካ ዳሌ ደግሞ ዝናብ ሳይመጣ ወሬውን ያመጣል። ከዚህ በቀር ጤና ነን።

እናትሽ በሰኔ መጥታ፣ ከፍ ካለው ፒካፕ መኪናችን ለመውረድ በሩን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ስንጠለጠል አየችኝ። ሁለታችሁም ያለ ደጋፊ ገብታችሁ የምትወጡበት መኪና ካላገኛችሁ፣ በረዶው ሳይጥል እርሻውን ትታችሁ ከተማ ትገባላችሁ ብላ ቁርጡን ነገረችን። እውነቷን ነው፤ እዚህ ያለ መኪና አይከረምም።

ጎረቤታችን ኦሬስት አምና በሸሚዝ ሄዶ ዝቅ ያለች ቆንጆ መኪና ገዝቶ ነበር። በረዶው ሲመጣ ካፖርቱን ደራርቦ ገባና ከመሪው ጋር ተጣብቆ ቀረ። እኔና አያትሽ ምጥ እንደያዛት ላም ጥጃ ጎትተን አወጣነው።

እኛ ታዲያ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ወፍራም ካፖርት፣ የበረዶ ቦት ጫማና ጓንት አድርገን መኪና መሸጫው ገባን። ሻጩ ደንግጦ ውሃ አመጣልን፤ ልጆች አሏችሁ ወይ ብሎም ጠየቀ። ዝቅ ያለችውን ስንሞክር መግባቱ መውደቅ፣ መውጣቱ ተራራ ሆነብን። ረጅሙ ደግሞ መሰላል ያሻዋል። በመጨረሻ ወንበሯ ከዳሌ እኩል የሆነ፣ በሯ ወለል ብሎ የሚከፈት ግራጫ መኪና አገኘን። አያትሽ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ አለች፤ እግሮቿን አንድ ላይ አዞረች፤ የማንንም እጅ ሳትይዝም ወጣች። እኔም እንደሷው አደረግሁ። ለሙከራ ስነዳ ግን ቀኝ እግሬ ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬኑ እስኪሻገር ስትጠብቅ ቆየችና፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ቁልፉን ወዲህ በል። ስትነዳኝ ዕድሜዬን ሙሉ እንዴት እንደተሳቀቅሁ ዛሬ ታየዋለህ» አለችኝ።

ሰጠኋት፤ መኪናዋንም ገዛናት። እናትሽ ባለፈው እሑድ መጥታ፣ ስንገባም ስንወጣም ቆማ አየችና የከተማውን ነገር ሳታነሳ ሾርባዋን ጠጥታ ሄደች። አሁን አያትሽ ትነዳለች፤ እኔ ከጎኗ ሆኜ እተቻለሁ። ዝም ካላልክ መንገድ ላይ አወርድሃለሁ ትላለች። ታውርደኛ፤ ተመልሼ ለመግባት እንደሆነ የማንንም እጅ አልለምንም።

ማርከስን ድንቹ ላይ ዘይት ጨምርበት በይልኝ። የልጅሽን የትንሿን ኒናን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። ለአማትሽም አክብሮቴን አድርሺ። አያትሽ ከመኪናዋ ሆና ጡሩምባ እየነፋች ሰላም ብላሻለች።

አያትሽ ቴዎዶር
ካምሳክ፣ ሳስካቸዋን
ነሐሴ 12